የመስታወት ቆራጩ እንቅልፍ

እንቅልፍ ወደዚያ ቤት የገባው እንደ ሌባ አይደለም። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ "ቤቶች!" ብሎ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው የገባው። መጀመሪያ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የወንድምየውን ትከሻ ተደገፈ። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው ጠፋ።

ወንድምየው መስታወት ቆራጭ ነው። ድሮ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ይሰሙት ነበር፤ ይመክሩታል፣ ይሰድቡታል፣ አንዳንዴም ተሰብስበው ይስቁበታል። ብዙ መድኃኒት ተሞክሮ ብዙ መድኃኒት ከተረታ በኋላ ክሎዛፒን የሚባለው መጣና ድምፆቹን እንደ አስቸጋሪ ተከራይ አንድ በአንድ አስወጣቸው። ጭንቅላቱ ጸጥ ሲልለት ሥራ ፈለገ። አገኘም፤ መስታወትና የፎቶ ፍሬም በሚሠራ ሱቅ ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ አንድ ጠረጴዛ። ባለ ሱቁን ሰፈሩ "አቶ ፍሬም" ይላቸዋል፤ ሰውን ሲያዩ ከፊቱ ይልቅ ወርዱንና ቁመቱን የሚለኩ ሽማግሌ ናቸው። ለሌላ ሰው ጠረጴዛ ጠረጴዛ ነው። ወንድምየው ግን "ጠረጴዛዬ" ሲል፣ ሌላው ሰው "አገሬ" በሚልበት ድምፅ ነበር።

ታናሽ እህቱ የአእምሮ ሕክምና ፋርማሲስት ናት። ይህን ሥራ ለሰው ማስረዳት ይከብዳል። እናታቸው ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ "ሐኪሙ መድኃኒቶቹን ይድራቸዋል፤ የኔ ልጅ ደግሞ ትዳራቸው እንዳይፈርስ ትሸመግላለች" ብለው ይገላገላሉ። እውነትም ነው። የትኛው ክኒን ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ፣ የትኛው ልብን እንደሚያስቸኩል፣ የትኛው ሆድን እንደሚያደርቅ ተኝታም ታውቀዋለች። ሐኪም ቤት ውስጥ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስታልፍ ወጣት ሐኪሞች ያዘዙትን ወረቀት ከኋላቸው ይደብቃሉ።

አንድ ችግር ብቻ አለባት፤ ነጥብ። የሙያ ፈቃድ የሚታደሰው በነጥብ ነው፤ ነጥብ የሚገኘው በስልጠና ነው፤ ስልጠና ማለት ደግሞ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር፣ እሱን የማያውቅ ሰው፣ ግድግዳ ላይ እያነበበ የሚያስረዳዎት ሥነ ሥርዓት ነው። በመካከሉ የሻይ ዕረፍት አለ። ሻዩ ላይ የሚታየው ትጋት ስልጠናው ላይ ቢታይ ኖሮ በዓለም ላይ በሽታ የሚባል ነገር ባልቀረ። እህትየው ግን ከልቧ ነው የምትሠለጥነው። እየጻፈች፣ እየጠየቀች፣ ሰርተፊኬቷን እቅፍ አድርጋ ትመለሳለች። ወንድሟም ስለዚህ ስሟን ትቶ "ነጥቤ" ይላታል።

"ነጥቤ መጣሽ? ዛሬስ ስንት ለቀምሽ?"

"አትቀልድ ጋሼ። ዛሬ ከባድ የቤት ሥራ ነው የሰጡን።"

የቤት ሥራው የመጣው "ጤናማ አኗኗርን ማሳመን" ከሚል ስልጠና ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሰው አሳምኖ፣ አንድ ክፉ ልማድ አስጥሎ፣ ታሪኩን መድረክ ላይ መናገር አለበት። እህትየው ሩቅ አልሄደችም። ሳሎኑ ውስጥ፣ በጭስ ደመና መካከል፣ ክፉ ልማድ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ወንድምየው የሚያጨሰው ሲጋራ ብዛቱ ግድግዳውን የሻይ ቀለም ቀብቶታል።

"ጋሼ፣ ሲጋራ ታቆምልኛለህ?"

"ለምን?"

"ለጤናህ ነዋ!"

"ለጤናዬ ነው ለነጥብሽ?"

ትንሽ አሰበች። "ለሁለቱም።"

"እውነቱን ስለተናገርሽ አቆምኩልሽ" አለና፣ ፓኮውን በመስኮት ወርውሮ፣ እጁን ፍርድ እንደጨረሰ ዳኛ አራገፈ። ቀልድ መስሏት ነበር። አልነበረም። ድምፆችን ያስወጣ ሰው ሲጋራ ማስወጣት አያቅተውም። ማኘክ ሲያምረው ማስቲካ ያኝካል፤ እጁ ሥራ ሲፈታበት እርሳስ ይቀርጻል። እህትየው ታሪኩን መድረክ ላይ ስትናገር አዳራሹ አጨበጨበ፤ አንዲት ሠልጣኝ እንባዋን ጠረገች፤ ነጥቡም ተመዘገበ።

እንቅልፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ የሚል ነገር ነበረው። ወንድምየው ረፋድ ላይ ይነሳል፣ ሶፋው ላይ ይቀመጣል፣ ዓይኑ በቀስታ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ትራሱ በለሃጩ ይርሳል፤ ባሕር ተደግፎ ያደረ ይመስላል። ሲነቃ ሕልሙን ያወራል፤ አወራሩም ከሕልሙ ያልወጣ ሰው አወራር ነው።

"ትልቅ መስታወት ስቆርጥ፣ ስንጥቁ በር ሆነልኝ" አለ አንድ ቀን። "ገባሁ። እዚያም ማዶ ይሄው ሳሎን አለ። አንቺም አለሽ ነጥቤ፤ ግን በግራ እጅሽ ነው የምትጽፊው። እማዬም ታወራለች፣ ድምጿ ግን እኔ ጋ ሳይደርስ መሬት ይወድቃል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ..." አለና፣ መልሱን ሊያመጣ ተመልሶ ሄደ።

ቤቱም ቀስ በቀስ ልማዱን ለወጠ። እናታቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ። ሳህን ሲያስቀምጡ እንቁላል እንደሚያስቀምጡ ነው። የቧንቧው ጠብታ እንኳ ሳያስበው የማይወድቅ መሰለ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሲንጋለል እናትየው እዚያው በተቀመጡበት ያንቀላፋሉ፤ እህትየውም ከሥራ ስትመለስ ጋውኗን መስቀያው ላይ ታንጠለጥልና ከጋውኑ ጋር አንድ ሌላ ነገር ከላይዋ የወረደ ያህል ቅልል ይላታል። የወረደው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። አሁን ላይ ሆኖ ለሚያይ፣ እውቀቷ ነበር። ሴትዮዋ እቤቷ ስትገባ እህት ብቻ ናት፤ የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው ሌላ ምንም አይደለም።

ሱቁ ውስጥ ግን እንቅልፍ ደስ አይልም። ወንድምየው መቁረጫውን እንደያዘ አንቀላፍቶ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር እንደ ወንዝ ተጠማዞ ወርዶ፣ አንድ ሙሉ መስታወት ተበላሸ። ሌላ ቀን መዳፉን ቆረጠው፤ ደሙን ካየ በኋላ እንኳ ለመንቃት ጊዜ ወሰደበት። አቶ ፍሬም ሱቃቸውን ትተው እቤት ድረስ መጡ።

"እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም ልጄ" አሉ፣ ሳሎኑን በዓይናቸው እየለኩ። "ወንድምሽን እወደዋለሁ። ግን የሰው ጣት ወለል ላይ ለቅሜ ለእናቱ ማምጣት አልፈልግም። ቅዳሜ አንዲት ልብስ ሰፊ ያዘዘችው ትልቅ መስታወት ይቆረጣል። እሱን በደንብ ከቆረጠ ቆረጠ። ካልሆነ ጠረጴዛውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

ወንድምየው ሶፋው ላይ ተኝቷል ብለው ነበር የተናገሩት። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ቅዳሜ እነቃለሁ ጋሼ" አለ። ከመዝጊያው ስር እንደሚመጣ ንፋስ ያለ ድምፅ ነበር።

እህትየው በማግሥቱ የወንድሟን ሐኪም ቢሮው ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። ድሮ ሕመሙ ሲጀምረው እንዲሁ ነበር፤ ዝምታ፣ መኝታ፣ ከሰው መሸሽ። ያንን ነው የፈራችው።

"ዶክተር፣ እየተመለሰበት ነው መሰለኝ።"

"ድምፅ ሰማሁ ይላል?"

"አይልም። ይተኛል። ሕልም ብቻ ነው የሚያወራው።"

ዶክተሩ አገጩን አሸ። "ሌላ የተለወጠ ነገር አለ?"

"ምንም። እንዲያውም ሲጋራ አቁሟል!"

"አትዪኝም!"

"ሙሉ በሙሉ።"

"ጎበዝ! በይ እንኳን ደስ ያለሽ!"

ተጨባበጡ። ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ "ታዲያ መድኃኒቱን ትንሽ ብንጨምርለት ምን ይመስልሻል?" አለ፤ እሷም "እንጨምርለት" አለች። ሁለቱም ስለዚህ መድኃኒት መጽሐፍ መጻፍ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ክኒኑን በገዛ እጇ ቆጥራ፣ በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ ደርድራ፣ "ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ይሄን ትሰጪዋለሽ" ብላ ለእናቷ አስረከበች።

ቅዳሜ ዕለት እሷ አሠልጣኝ ነበረች። አሠልጣኝ መሆን እጥፍ ነጥብ ያስገኛል። የንግግሯ ርዕስ "መድኃኒትና የሲጋራ ጭስ" ነው። ስላይዶቹን ካዘጋጀቻቸው ቆይታለች፤ የመጀመሪያው ላይ ያለውን ቀን ብቻ ለውጣ ነው ይዛቸው የመጣችው። በዚህ አይፈረድባትም፤ በዚያ አዳራሽ ቀን እንኳ ሳይለውጡ የሚመጡ አሉ።

ንግግሯ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነበር። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ማሞቂያው እያንጎራጎረ፣ የፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ብርሃን በሰዎቹ ግንባር ላይ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። የፊተኛው ረድፍ በትሕትና ያንቀላፋል፤ የኋለኛው ያለ ትሕትና። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የወንድሟ ሐኪም አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ ክራቫቱን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ ይዞ ተኝቷል።

"ጉበታችንን እንደ ጠራጊ እንየው" አለች እህትየው፣ ራሷም በሙቀቱ እየፈዘዘች። "የሲጋራ ጭስ ሲመጣበት ይደነግጣል፤ መጥረጊያውን ይዞ ይሮጣል። ሲሮጥ ክሎዛፒኑንም አብሮ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ የሚያጨስ ታካሚ ከማያጨሰው የበለጠ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ልብ በሉ፣ ይሄን የሚያደርገው ኒኮቲኑ አይደለም፤ ጭሱ ነው።"

ማንም ልብ አላለም። አንድ ሰው በሕልሙ ይሁን በእውኑ "አዎ" አለ።

ስላይዱ ላይ "ታካሚ ሀ" ይላል። እህትየው ታካሚ ሀ ማንንም እንደማይቀሰቅስ ተረዳች፤ ሕይወት ያለው ምሳሌ ፈለገች፣ ምላሷም የቅርቡን አነሳ።

"እንበልና... አንድ መስታወት ቆራጭ አለ። ብዙ ያጨሳል። መድኃኒቱ የተመጠነው ከነጭሱ ነው። እና አንድ ቀን እህቱ ሲጋራውን አስተወችው። ጭሱ ቆመ፤ ጠራጊው መሮጡን ተወ። መድኃኒቱ ግን እንደ ድሮው ይገባል። አይወጣም፤ ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውየው ምን ይሆናል? ይተኛል። ለሃጩ ይዝረከረካል። ይፈዛል፤ ሲብስም..."

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእሷ ጆሮ ያን ጊዜ ዘመድ ሆነ።

አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ግድግዳው ላይ የቀጣዩ ስላይድ ርዕስ በቀይ ፊደል ይበራል፤ "ሲጋራ ያቆመ ታካሚ መድኃኒቱ ይቀነስ እንጂ አይጨመር።" የራሷ ፊደል፣ የራሷ ቀይ። ድሮ ራሷ ጽፋው፣ ወደ ሌላ ማዶ ሄዶ ተመልሶ የሚያያት መሰላት።

እንቅልፋምን ከንግግር ይልቅ ዝምታ ይቀሰቅሰዋል። አዳራሹ አንድ በአንድ ነቃ። ንግግሩ ያለቀ የመሰላቸው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እንዴት ያለ አጨራረስ ነው የሚል ጉርምርምታም ተሰማ። እህትየው ከመድረኩ ወርዳ፣ በጭብጨባው መሃል እየዋኘች፣ ሦስተኛው ረድፍ ደረሰችና የሐኪሙን ትከሻ ነቀነቀችው።

"ዶክተር፣ ይንቁ።"

"እህ? ጥያቄ የለኝም፤ ግልጽ ነው።"

"ሲጋራ አቁሟል ብዬዎት ነበር።"

"ማን?"

"ወንድሜ!"

"አዎ፣ እኔም ጎበዝ ብዬ—" አለና፣ ጎበዝ የሚለው ቃል ጥርሱ ላይ ተሰበረ። ተነሳ፤ ነቃ ማለት እንደዚያ ነው። "ጨምረንበታል እኮ!"

"ዛሬ ጠዋት ወስዷል። አሁን መስታወት እየቆረጠ ነው።"

"ሂጂ! ብቻውን እንዳይሆን። የጨመርነው ዛሬውኑ ይቅር፤ ግን መድኃኒቱን ጨርሰሽ እንዳታቆሚ፤ ታውቂዋለሽ። ነገ ጠዋት ክኒኑን ሳይወስድ አምጪልኝ፣ ደሙ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ እንለካለን፤ ከዚያ ቀስ እያልን ወደ ታች።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ሁለታችን ተጨባበጥን እኮ" አለ።

መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ይዞ ከኋላዋ ጮኸ፤ "እህት! ንግግሩ ካልተጠናቀቀ ነጥብ አይያዝም!"

"ለተኙት አካፍሏቸው!" አለችና በሩን ገፋች።

ወደ ሱቁ ደወለች፤ ስልኩ ይጮኻል፣ የሚያነሳ የለም፤ አቶ ፍሬም የመስታወት ጠርዝ ሲሞርዱ ነጎድጓድም አይሰሙም። ታክሲ ያዘች። መንገዱ እንደ ሕልም መንገድ ነበር፤ እግር ይሄዳል፣ ቦታ አይለወጥም። መብራቶቹ ሁሉ ቀይ ሆኑባት። በየጥጉ የሚያጨሱ ሰዎች አየች፤ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንዷ ከመሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ቆማ፣ ጭሳቸው ቀስ ብሎ ሰማይ ሲወጣ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭስ ቀናች።

"እመቤት፣ ተረጋጊ" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት። "የሚያመልጥሽ አውሮፕላን ነው?"

"ጠረጴዛ ነው።"

ሾፌሩ ፈጠነ።

ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ወንድሞቿን አየች። ወንድሟን አላልኩም። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ በየመስታወቱ ውስጥ አንድ ወንድም፣ መቁረጫ በእጁ፣ ትልቅ መስታወት ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል። አንዳንዱ ጀርባውን ሰጥቷታል፣ አንዳንዱ ግማሽ ብቻ ነው። ሁሉም ዓይናቸው የተከፈተ ነው፤ ሁሉም ተኝተዋል። ከሁሉም ከንፈር ጥግ አንድ ቀጭን ክር ይንጠለጠላል።

"ጋሼ!"

ሁሉም ቀስ ብለው ዞሩ። አንደኛው ብቻ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ወደ እሱ ሄደች።

"ነጥቤ... ስልጠናሽስ?"

"አለቀ። መቁረጫውን ስጠኝ።"

"አይሆንም።" ጣቶቹ ጠበቁ። "ትንሽ ነው የቀረኝ። ስጀምረው መስመሩ ይሸሸኛል እንጂ... ጠረጴዛዬን ይሰጡብኛል።"

"ጠረጴዛህን የወሰድኩብህ እኔ ነኝ ጋሼ። ልመልስልህ ነው የመጣሁት። በእናታችን፣ ስጠኝ።"

ሰጣት። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠና ግንባሩን ሆዷ ላይ ጣለ። እንቅልፍ ይሁን ልቅሶ አልለየላትም፤ ጋውን አልለበሰችም፣ ሸሚዟ ግን ረጠበ።

አቶ ፍሬም መሞረጃውን አጥፍተው ቀረቡ።

"ጋሼ፣ ሰነፍ አይደለም" አለቻቸው። "ሕመሙም አልተመለሰም። መድኃኒቱ በዝቶበት ነው። ሲጋራ ሲያቆም መቀነስ ነበረበት፤ እኔ ደግሞ አስጨመርኩበት።"

"የመድኃኒት አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያስ?"

"ቤቴ ስገባ እህት እሆናለሁ።"

አቶ ፍሬም በወርድም በቁመትም አዩዋት። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። "እቤቴ አንድ መስታወት የለም" አሉ። "ሚስቴ ስንት ዘመን ስትለምነኝ! ፀጉሯን የምታበጥረው በብረት ድስት ክዳን እያየች ነው።" ከመደርደሪያው አንድ ነጭ ጨርቅ ሳቡ፤ አራገፉና ጠረጴዛው ላይ አለበሱት፤ መቁረጫውን፣ ማስመሪያውን፣ ሁሉንም ሸፈነ። "የልብስ ሰፊዋን እኔው እቆርጠዋለሁ። ይሄን ጨርቅ ግን የሚያነሳው እሱ ነው። እስኪነቃ ማንም አይነካውም።"

የደሙ ውጤት ሲመጣ ዶክተሩ ቁጥሩን አይቶ ፉጨት ቢጤ አሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛ ሲገባ ከ"እንደምን ነህ" በፊት "ታጨሳለህ? አቁመሃል?" ይላል አሉ። ክኒኑ በጥቂት በጥቂቱ ተቀነሰ። ድምፆቹ እንዳይመለሱ እህትየው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ጠበቀች፤ አልተመለሱም። እንቅልፍም እንደ አመጣጡ ነው የሄደው። መጀመሪያ ከትከሻው ወረደ፤ ቀጥሎ ከሶፋው ተነሳ፤ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲፈልግ የሰማ ሁሉ አለ።

በዚያ ጠዋት ወንድምየው ሳሎን መጥቶ ቆመ።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?"

እናትየው ግራ ተጋቡ። ጮክ ብሎ ማውራት እንዴት እንደነበር ጠፋባቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እኔ ነኝ የማንሾካሹከው?" ብለው ቢጮሁ፣ ሦስቱም ደነገጡና ሳቁ።

"ነጥቤ፣ አሁን ደግሞ ሲጋራውን ልጀምረው እንዴ?" አላት፣ ዓይኑ ውስጥ የጥንቱ ተንኮል እየበራ።

"ትጀምርና! ብትጀምር ንገረኝ፣ ብታቆም ንገረኝ፣ ብታስነጥስም ንገረኝ።"

መድረክ መሪው ደውሎ ነበር። ንግግሯ ስላልተጠናቀቀ ነጥቡ እንዳልተያዘላት፣ ሰርተፊኬትም እንደማይሰጣት በሐዘን አስታወቃት። "ነገር ግን" አለ፣ "ተሳታፊዎች በአስተያየታቸው የዓመቱ ምርጥ ንግግር ብለውታል። አጭር ነበር ብለዋል።"

ወንድምየው ጨርቁን ያነሳ ዕለት የመጀመሪያ ሥራውን በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ልክ የሰርተፊኬት ወርድና ቁመት ያለው፣ ወርቃማ ፍሬም የተበጀለት፣ መስታወት። ሰርተፊኬቱ የሚገባበት ቦታ ላይ ፊቷ አለ።

"አንድ ጥጉ ትንሽ ተዛንፏል" አለ፣ አውራ ጣቱን ጠርዙ ላይ እያሳለፈ። "እጄ ገና በደንብ አልነቃም።"

ከጋውኗ መስቀያ አጠገብ ሰቀለችው። አሁን ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ጋውኗን ታንጠለጥላለች፣ ቀና ትላለች፣ አንዲት አንገቷን ወደ ጎን ያዘነበለች ሴት ከወርቃማው ክፈፍ ውስጥ ታያታለች። ፍሬሙን ቀጥ ለማድረግ በጣቷ ትገፋዋለች፤ ተመልሶ ይዘማል። ከዚያ ሳሎን ትገባና፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ወንድሟን ትጠይቀዋለች።

"ጋሼ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?"